እማዬ የሰረቀችልኝ ሦስት ዓመት



የዛሬው ወጌ የሚጀምረው ባለፈው እሁድ፣ መብራት ከጠፋበት ሰዓት ነው። እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፤ እኔ እጀምራለሁ። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ በሻማው ብርሃን እየተያዩ "አባዬ ሊጀምር ነው" ብለው ይጠቃቀሳሉ። የዚያን ዕለት የባለቤቴ እህት ልጆችም መጥተው ስለነበር አድማጭ በዝቶልኛል። ባለቤቴ ቡና ታፈላለች። እማዬ ጥግ ካለው ወንበሯ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች።

አንደኛው ልጅ ስለ ዘንድሮ ሯጮች ጫማ ሲያወራ ጣልቃ ገባሁ። "ሩጫስ የምሩፅ ይፍጠር!" አልኩና ቀጠልኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የሰፈሩ ሰው በጎረቤታችን መስኮት ላይ የተቀመጠችውን አንዲት ሬድዮ ከቦ እንዴት እንደቆመ፤ ታላቅ ወንድሜ ሰው እንዳይረግጠኝ ብሎ እንዴት እንዳዘለኝ፤ ምሩፅ ማሸነፉ ሲነገር ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ደንግጬ እንዴት እንዳለቀስኩ ነገርኳቸው። በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ "ማርሽ ቀየርኩ!" እያልን ቁልቁለቱን ስንንደረደር ኮንጎ ጫማዬ ከእግሬ ወጥቶ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ሱሪዬን ሰብስቤ ጉልበቴ ላይ የቀረውን ጠባሳ አሳየኋቸው።

ትልቋ ልጄ ጠባሳውን አላየችም። ስልኳን ነበር የምታየው።

"አባዬ፣ የሞስኮ ኦሎምፒክ በፈረንጅ 1980 ነው።"

"እና?"

"በእኛ ሐምሌ 1972 ማለት ነው። አንተ መታወቂያህ ላይ የተወለድከው ታኅሣሥ 1970 ነው። ሦስት ዓመት እንኳን በቅጡ አልሞላህም። ይሄን ሁሉ የምታስታውሰው በሁለት ዓመትህ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባለቤቴ ጀበናውን አስቀምጣ "እኔም እኮ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር" አለች። እኔም ከሞት ለመዳን "ጎበዝ ልጅ ነበርኩ" ብዬ ሳቁን ተቀላቀልኩ። ያልሳቀችው እማዬ ብቻ ነበረች። ከተከናነበችው ነጠላ ውስጥ "የሰው ዕድሜ አይቆጠርም!" ብላ ተቆጣች። ቆጣ ማለት ልማዷ ስላልሆነ ልጆቹ ጸጥ አሉ። ወዲያው መብራት መጣ፤ እኔም ተረፍኩ።

ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ሰው ዕድሜውን ከወረቀት ሊቀንስ፣ ሽበቱን ቀለም ሊቀባ ይችላል። ትዝታውን ግን ምን ያደርገዋል? አፉን በከፈተ ቁጥር ራሱን ያጋልጣል። የማታምኑ ከሆነ እስቲ ራሳችሁን ፈትሹ።

መጀመሪያ ትምህርት ቤት ልትመዘገቡ ስትሄዱ፣ ዳይሬክተሩ የልደት የምስክር ወረቀት ሳይሆን ጆሯችሁን ከጠየቃችሁ ዕድሜያችሁ ታውቋል። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ ትባላለህ። ከነካህ ሰባት ዓመት ሞልቶሃል፤ ካልነካህ ለከርሞ ተመለስ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ጣቴ ጆሮዬ ላይ አልደርስ ብሎ እያለቀስኩ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወንድሜ ማታ ማታ እጄን በአናቴ ላይ እየጎተተ "ትንሽ ቀረህ፣ ትንሽ ቀረህ" እያለ ዓመቱን ሙሉ አሠለጠነኝ። በ1974 ዓ.ም. ስመለስ ጆሮዬን ከመንካት አልፌ ልቆነጥጠው ደረስኩ። እሱ እስከ መጨረሻው ድረስ ያሳደገኝ ሥልጠናው መሆኑን ያምን ነበር።

የሬድዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣችሁ ከሆነም እናንተ የእኔ እኩዮች ናችሁ። የዛሬ ልጆች ቻርጅ ማድረግ ይላሉ፤ እኛ ማስጣት ነው የምንለው፤ እንደ በርበሬ። ሬድዮ ላይ "ከመጻሕፍት ዓለም" የሚቀርብበት ዕለት ድንጋዩ ቢደክም ቤት ውስጥ ኀዘን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ያን ዕለት ድንጋዮቹ ቆርቆሮው ላይ ተሰጥተው ይውላሉ፤ እኔና ወንድሜ ደግሞ ማንም እንዳይወስዳቸው ተራ እየገባን እንጠብቃለን። ፀሐይ ያልበቃው ድንጋይ በጥርስ ይነከስ ነበር። ምን እንደሚጠቅም ዛሬም አልገባኝም፤ የሁላችንም ድንጋይ ግን የጥርስ ምልክት ነበረው።

ቀበሌ ሱቅ በድንጋይ የተሰለፋችሁስ? እዚህ ላይ ድንጋይ ስል እውነተኛውን ድንጋይ ነው። ስኳር ወይም ሳሙና መጥቷል ከተባለ ሰው ገና ሳይነጋ ሄዶ ወረፋ ይይዛል። ቆሞ መዋል የማይችል ድንጋይ ወይም አሮጌ ዘንቢል አስቀምጦ ይመለሳል። ሱቁ ሲከፈት ድንጋዩ ሁሉ ባለቤት አለው፤ "ይቺ የእኔ ናት" ብሎ የማይለይ የለም። የእኛ ድንጋይ አንድ ጎኗ ቀይ ነበረች። ወንድሜ ነበር ከወንዝ መርጦ ያመጣት፤ ከሩቅ እንድትታይ።

አባባ ተስፋዬን ለማየት እግራችሁን የታጠባችሁስ? በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር። የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆመው እግር ይመረምራሉ። እግሩ ያልታጠበ ወደ ቧንቧ ይመለሳል። የታጠበ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገብቶ መሬት ላይ ይደረደራል። አባባ ተስፋዬ ሰላምታ ሲሰጡን ከመሬት ብድግ ብለን መልስ እንሰጥ ነበር፤ የሚያዩን ይመስለን ነበርና። ተረቱ አልቆ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነው፤ ኮንጎ ጫማ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የራስን ጫማ መለየት።

ትንሽ ዝቅ ስንል 1980 ዓ.ም. ይመጣል። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የሴካፋ ዋንጫ፣ ከዚምባብዌ ጋር፣ በመለያ ምት። የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የሰማ ሰው የት ቆሞ እንደሰማው እስከ ዛሬ ይነግራችኋል። እኔ ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት። ወንድሜ ግን ስታዲየም ገብቶ ነበር። ማታ ድምፁ ዘግቶ፣ አንድ እግሩ ጫማ ሌላው ባዶ ሆኖ መጣ። እማዬ ስለ ጫማው ልትቆጣው ስትል አቅፎ አሽከረከራት። "ዋንጫ በልተን ጫማ ምን ያደርግልናል!" አላት። እሷም እየተሽከረከረች ሳቀች። እማዬ እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

አስተውላችሁ ከሆነ በእነዚህ ትዝታዎች ሁሉ ውስጥ ወንድሜ አለ። ስጽፍ አስቤበት አይደለም። ከጻፍኩ በኋላ ሳነበው ነው ያየሁት። ልጄ ደግሞ አጎት እንደነበራት በቅጡ አታውቅም። ለምን እንደማታውቅ ልነግራችሁ ነው፤ ግን መጀመሪያ ማክሰኞ የሆነውን ልጨርስ።

ማክሰኞ ጠዋት እማዬን ለፋይዳ ምዝገባ ይዣት ሄድኩ። ባንኩም ሌላውም ቦታ ፋይዳ ካልያዛችሁ እያለ ነውና ሰማንያ ዓመት ሆናትም አልሆናትም መመዝገብ አለባት። ወንበር ሰጧት። መዝጋቢዋ ደግ ልጅ ናት፤ "እማማ፣ ቀስ ይበሉ" እያለች ጣቶቿን አንድ በአንድ መሣሪያው ላይ አስቀመጠችላት። የእማዬ ጣቶች ግን አሻራቸው አልነበብ አለ። የስንት ዓመት ጥጥ፣ የስንት ዓመት ልብስ አጠባ ጨርሷቸዋል። ልጅቷ በለስላሳ ጨርቅ እየጠረገች ደግማ ደጋግማ ሞከረች።

የልደት ቀኗን ስትጠይቅ እኔ በግምት ነገርኳት። እማዬ ራሷ "ጣልያን ከወጣ ወዲህ ነው፤ ምን ያደርግልሻል?" አለቻት። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ሽበቴን አየት አድርጋ ለጨዋታ ያህል "እማማ፣ ልጅዎ እኮ አርጅተዋል፤ እርስዎ ግን ገና ነዎት!" አለቻት።

እማዬ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

"አላረጀም!" አለች። "ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁመቱን አትይ፤ በአባቱ ወጥቶ ነው። ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ፤ ተጽፏል።"

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቴን አይታ አቆመች። እማዬ የምታየው ልጅቷን አልነበረም። በሩ ላይ የደንብ ልብስ ለብሶ የቆመውን ጥበቃ ነበር።

ከአንድ ዓመት ወዲህ እማዬ ነገር ይምታታባታል። የዛሬውን ትረሳለች፤ የድሮው ይመጣባታል። ምሳ በልታ አልበላሁም ትላለች። አንዳንዴ በወንድሜ ስም ትጠራኛለች። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው የሚለውን ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አልሰማሁትም ነበር። ብርክ ያዘኝ። ያቺ ቁጥር የመጣችው ከየት እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ የሚመለከተው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ነበር። ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ግን ቁመት ያወጣ ልጅ ሁሉ በሥጋት ይወጣ፣ በሥጋት ይገባ ጀመር። አፈሳ የሚለውን ቃል የማያውቅ የእኔ ዘመን ልጅ የለም። ወንድሜ በ1981 ዓ.ም. ተወሰደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ጻፈልን። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ለእኔ "ጆሮህን መንካት እንዳትረሳ" የሚል ነበረበት። ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

በ1982 ዓ.ም. እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሞላኝ፤ ቁመቴ ግን ወንድሜን ደርሶ ነበር። እማዬ አንድ ቀን ከራሽን ያጠራቀመችውን ሁለት ኪሎ ስኳር በነጠላዋ ሸፍና ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው የቤተሰባችንን ቅጽ አወጣ። 1967 የሚለውን ሰርዞ 1970 ብሎ ጻፈ። ስኳሩን ግን መልሶ "ለልጁ ሻይ አፍዪበት" አላት። ይህን እሷ ናት የነገረችኝ። በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም ነበር፤ ያቺን ውሸት ለነፍስ አባቷ ተናዛለች። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም።

ያን ቀን ማታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "ከዛሬ ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነው። ተኝተህ ቢቀሰቅሱህም አሥራ ሁለት በል" አለችኝ። ረጅሙን ሱሪዬን ቀምታ ቁምጣ አስለበሰችኝ። አስቡት፤ ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ እግሩ ፀጉር አብቅሎ ቁምጣ የለበሰ ልጅ! የክፍላችን ሴቶች ሲስቁብኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እማዬን በጣም ተቀየምኳት። ለሳምንታት በቅጡ አላናገርኳትም።

ከቁምጣው የከፋው ግን ሌላ ትእዛዝ ነበር። "ከወንድምህ ጋር ያሳለፋችሁትን ሰው ፊት አታውራ" አለችኝ። "ሰው ይቆጥራል። ይሄ የሆነው መቼ ነው፣ ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር እያለ ይቆጥራል።" አስተዋይ ሴት ናት። ልጄ ባለፈው እሁድ በስልኳ ያሰላችውን እማዬ ያኔ አስልታው ነበር። እናም ስለ ምሩፅ ማውራት ተውኩ። ስለ ጆሮዬ፣ ስለ ቀይዋ ድንጋይ፣ ስለ ሬድዮው ማውራት ተውኩ። እነዚያን ትቼ ስለ ወንድሜ የሚወራ ምን ይቀራል? ስለ እሱም ማውራት ተውኩ።

በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያልቅ እማዬ የምትመለስ መስሏት ነበር ያቺ የድሮ ቤታችን። ለሳምንታት አውቶቡስ ተራ እየሄደች፣ ከሰሜን የሚመጡትን የደከሙ ወታደሮች ፊት እያየች ዋለች። ፎቶውን እያሳየች ጠየቀች። ቀይ መስቀል ሄዳ ስሙን አስመዘገበች። እሱም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስለትም፤ ተዝካር አይወጣለትም። ስለዚህ እኛ ቤት አልተለቀሰም። ዝም ተባለ። የወረቀቱ ዕድሜ ግን እንዳለ ቀረ፤ ትምህርት ቤቱም መታወቂያውም ተከተለው። በ1986 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ስፈተን በወረቀት አሥራ ስድስት ዓመቴ ስለነበር "እንዴት ያለ ጎበዝ ነው!" ተብዬ ተደንቄያለሁ። ከባለቤቴ ጋር ስንጋባም የነገርኳት የወረቀቱን ነው። ውሸት ሲቆይ ውሸት መሆኑን ራስህም ትረሳዋለህ።

ምሩፅ ይፍጠርን ስለ ዕድሜው ጋዜጠኞች መጠየቅ ይወዱ ነበር። ሞስኮ ላይ በ10 ሺህና በ5 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ አንዱ እንዲህ ነው ሌላው እንዲያ ነው እያለ ይገምት ነበርና። የሰጣቸው መልስ ይታወቃል፤ ሰው ዶሮዬን ሊሰርቀኝ ይችላል፣ በጌን ሊሰርቀኝ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ነው ያለው። ይህን አባባል ሁልጊዜ እወደው ነበር። ማክሰኞ ዕለት ከምዝገባው ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄ መጣ። የእኔ እኮ ተሰርቋል። ሌባዋም አጠገቤ ተቀምጣ እጄን አልለቅም ብላለች።

ማታ ልጄን ጠራኋትና እማዬ ክፍል ገባን። እማዬ ተኝታለች። ከአልጋዋ ሥር የቆየውን የእንጨት ሣጥኗን አውጥተን ከፈትነው። ክዳኑ ላይ ከውስጥ በኩል በእርሳስ የተጻፈ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ካየሁት ግን ዘመን ሆኖኛል። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በ1971 ዓ.ም. ዘመቻው ሲጀመር። ማታ ማታ እኔን ታቅፋ ቀበሌ አዳራሽ እየሄደች ነበር የምትማረው። መጻፍ ስትችል መጀመሪያ የጻፈችው ደብዳቤ አልነበረም፤ ይህንን ነው። ትልልቅና ጎባጣ ፊደሎች፣ ሁለት መስመር። የመጀመሪያው የወንድሜ ስምና "ጥር 21 ቀን 1962 ማርያም"። ሁለተኛው የእኔ ስምና "ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ሚካኤል ዘማቾች የሄዱ ቀን"።

እንደሚታወቀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው በዚያ ቀን ነው። እማዬ ያን ቀን ልጅ የወለደችበት አድርጋ ነው የምታውቀው። ያኔ ሰው እንዲህ ነበር የሚቆጥረው፤ በጻድቅና በዘመን። ጣልያን ሲገባ፣ ጃንሆይ ሲወርዱ፣ የዘማቾች ዓመት።

ልጄ ክዳኑን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ በጣቷ የመጀመሪያውን መስመር እየነካች "ይሄ ማነው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ከጆሮው ጀመርኩ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ አወራሁላት። ስለ ቀይዋ ድንጋይ ስነግራት ሳቀች። ስለ አንድ እግር ጫማው ስነግራትም ሳቀች። ስለ ደብዳቤው ስነግራት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለወንድሜ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ "አሁን ቢኖር ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ። ቆጠርን። ሃምሳ ስድስት። እኔ ዘንድሮ ሃምሳ አንድ ነኝ። ይኸው፣ ለእናንተም ተናገርኩ።

ስንወጣ እማዬ ነቃች። መብራቱን አይታ "ምን ሆናችሁ?" አለች። "ምንም፤ ጨዋታ ነው" አልኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩና "እማዬ፣ ስንት ዓመቴ ነው?" አልኳት። በሩን አየች። ማንም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "አሥራ አምስት ሞልቶሃል፤ ለሰው ግን አትንገር" አለችኝ።

ባለቤቴ ወረቀቱ ይስተካከል ትላለች። ጡረታ በስልሳ ነውና ሦስት ዓመት ትርፍ ልትሠራ ነው ትለኛለች። አስቤበታለሁ። አላስተካክለውም። ከእናቴ የወረስኩት ርስት የለም፤ እነዚያ ሦስት ዓመታት ግን አሉ። በስኳር ልትገዛልኝ የወጣች፣ በነፍሷ የከፈለችባቸው ናቸው። ወረቀቱ እንዳለ ይቀመጥ። ትዝታውን ግን ከእንግዲህ አልደብቅም። ዕድሜዬን ያጋልጥ።

ወዳጆቼ፣ በየቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ሣጥን አለ። ክዳኑ ላይ ያልተጻፈ ቢሆን እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ ልብ ውስጥ ተጽፏል። ምሩፅ ይፍጠርም አባባ ተስፋዬም ያረፉት በአንድ ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። የእኛን ልጅነት የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰንበት ቡናው ሲፈላ ጠይቋቸው። መቼ ነው የተወለድኩት በሏቸው፤ ያን ቀን ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ፣ ማን አዋለደኝ፣ ስሜን ማን አወጣ በሏቸው። ቤታችሁ ውስጥ ስሙ የማይጠራ ሰው ካለም ስለ እሱ ጠይቁ። አንዱን ብዕር ይዛችሁ ጻፉት። የሚምታታበት ጊዜ ሳይመጣ ጻፉት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።